ሳይነካ የከረመ ዲጂታል ብዕር ለምን ቻርጅ እምቢ ይላል? (ጥያቄና መልስ)

ስለ ታብሌት ብዕር ባትሪ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገባል፤ "ሳልጠቀምበት ቆይቶ ሞተብኝ" የሚል ነው። በመጡበት ቅደም ተከተል እንሂድ።

ጥያቄ፦ ብዕሬን አንድ ዓመት ገደማ አልነካሁትም። ሳስቀምጠው ጤነኛ ነበር። አሁን ብሰካው ምንም ምልክት የለም። ያልሠራ ዕቃ እንዴት ይበላሻል?

መልስ፦ የጎዳው ሥራ አይደለም፤ ባዶውን መክረሙ ነው። ውስጡ ያለው ሊቲየም አዮን ባትሪ በጣም ትንሽ ነው። የአፕል ታብሌት (አይፓድ) ብዕር የሆነው የመጀመሪያው አፕል ፔንስል የሚይዘው 0.329 ዋት-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ብቻ ነው። የዛሬ ስልኮች አብዛኞቹ ከ10 ዋት-ሰዓት በላይ ይይዛሉ። አንተ "ጠፍቷል" ብለህ ብታስቀምጠውም ሰርኪቱ ከዚያችው ላይ ትንሽ ትንሽ ይልሳል። ባትሪውም በራሱ ጊዜ ይወርዳል።

ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት አካባቢ ነው። ወደ 3 ቮልት ሲጠጋ ባዶ ይባላል። ከዚያ በታች ሲወርድ መከላከያ ሰርኪቱ ይዘጋዋል፤ መውረዱ ግን አይቆምም። 2 ቮልትን አልፎ ሲያሽቆለቁል በአሉታዊው በኩል ያለው ስስ የመዳብ ፎይል መሟሟት ይጀምራል። መልሰህ ስትሞላው የሟሟው መዳብ በማይገባው ቦታ ይጋገርና ባትሪውን ከውስጥ ሾርት ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ ብዕር "አልሞላም" የሚለው ሰርኪቱ ይህን አደጋ ሽሽት ሆን ብሎ ስለሚከለክለው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቆርጬ ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ ቆይ እህቴ! ብዙዎቹ ነፍስ ይዘራሉ። ሰክተሽ ተይው፤ በየደቂቃው እየነቀልሽ አትይው። ክፉኛ የወረደ ባትሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ከተለመደው ከረንት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በጆግ አይገለበጥለትም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ቮልቱ ቀስ ብሎ ሲያገግም ነው ሙሉው ከረንት የሚለቀቅለት። እስከዚያ መብራትም ምልክትም ላታይ ትችያለሽ። አንድ ሁለት ሰዓት ስጪው። ኬብል ቀይሪ፣ ሶኬቱን አጽጂ። ከዚያ ከታብሌቱ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ አጥፊውና እንደ አዲስ አገናኚው። ባትሪው ድኖ ግንኙነቱ ብቻ ተቋርጦ የሚለቀስለት ብዕር ስንት አለ!

ጥያቄ፦ የእኔ ከታብሌቱ ጎን በማግኔት ይለጠፋል፤ ግን አይሞላም።

መልስ፦ መለጠፍና መሞላት ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ አፕል ፔንስል ተለጥፎ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ባለ ዩኤስቢ-ሲው ግን ይለጠፋል እንጂ እዚያ አይሞላም። የኋላ ጫፉን ሳብ ስታደርገው ቀዳዳው ብቅ ይላል፤ ኬብሉ የሚሰካው እዚያ ነው። የሚሞላው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከቨሩን አውልቀህ ሞክር። ታብሌቱ ራሱ ባትሪ ከጨረሰ ብዕሩን የሚመግበው እንደሌለም አትርሳ።

ጥያቄ፦ በ9 ቮልት ባትሪ ነካ ነካ ሲያደርጉት ይነቃል የሚል ቪዲዮ አየሁ።

መልስ፦ ተው ወንድሜ። መከላከያውን ዘለህ ነው የምታስገባው። ከላይ ያልኩት መዳብ እዚያ ውስጥ ካለ ደግሞ እሳት ነው የምትጠራው።

ጥያቄ፦ የእኔስ ተነሥቶልኛል፤ ግን ከ60 በመቶ ድንገት ይጠፋል።

መልስ፦ የከሰረው አቅም አይመለስም። "ሦስቴ ሞልተህ ሦስቴ ጨርሰው" የሚሉትን አትስማ፤ መጨረሱ ይብሱን ይጎዳዋል። ሲሞላ ከጋለ ወይም ገላው ካበጠ ግን ወዲያው ንቀለው። መጠቀሙም ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ለወራት ባልጠቀምበት እንዴት ላስቀምጠው? ባትሪውስ ይቀየራል?

መልስ፦ ግማሽ ገደማ ሞልተው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያኑሩት። ሙሉ አድርጎ ሙቀት ላይ መተውም ያስረጀዋል። በወር በሁለት ወር አንዴ ያዩትና ጨመር ያድርጉለት። መቀየሩን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ በማጣበቂያ የታሸጉ ናቸው፤ ሳይሰበሩ አይከፈቱም። አምራቾችም ባብዛኛው የሚቀይሩት ሙሉ ብዕሩን ነው፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ዋስትናውን ይመልከቱ። የሞተውን ግን ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉት።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያወጣ ብዕር የለም?

መልስ፦ አለ እንጂ! እኔ በዓመት ሁለቴ ለሚስል ሰው የምመክረው እሱኑ ነው። የሥዕል ታብሌት የሚሠራው የዋኮም ብዙዎቹ ብዕሮች ባትሪ የላቸውም፤ ኃይል የሚያገኙት ከሚስሉበት ሰሌዳ መግነጢሳዊ መስክ ነው። የሳምሰንግ ኤስ ፔንም ለመጻፍ ባትሪ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጋላክሲ ኖት 9 ስልክ ላይ የመጣው ለብሉቱዝ ቁልፉ ሱፐርካፓሲተር (በባትሪ ፈንታ ጥቂት ኃይል የሚያከማች ዕቃ) ተጨምሮበታል፤ እሱ ባዶ ቢሆንም ብዕሩ መጻፉን ይቀጥላል። ባለ ተነቃይ ባትሪውም መልካም ነው። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጠው ከሆነ ግን ባትሪውን አውጣው፤ አልካላይን የሚባለው ተራው ተነቃይ ባትሪ ሲቆይ ይፈስና የውስጡን ሽቦ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ ቻርጁ 80 በመቶ ይላል፤ ግን አይጽፍም።

መልስ፦ ባትሪውን አትውቀስ። ጫፉን አጥብቀው።