«ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብህ አሉኝ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ትኩሳት ሲበዛ ወደ እኔ የሚመጣው ደብዳቤም ይበዛል። ከዘንድሮዎቹ ግማሽ ያህሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ስለሆነ እሱን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ቀድሜ ግን ቀጠሮ የማይሰጠውን ላንሳ።

ውሻ ነከሰው

ደብረ ብርሃን ያሉ እናት ናቸው። የሰባት ዓመት ልጃቸውን የጎረቤት ውሻ ባቱ ላይ ነክሶታል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ውሻውንም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ «ተይው፣ ይድናል» ይላቸዋል፣ ሌላው «መድኃኒት አዋቂ ጋ ውሰጂው» ይላቸዋል።

እናትየውን ደብዳቤያቸው እንደደረሰኝ ደውዬ አግኝቻቸዋለሁ፤ ልጁም ክትባቱን ጀምሯል። እዚህ የምጽፈው ነገ ለሚነከሰው ልጅ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ለይስሙላ ሳይሆን ሰዓት እያያችሁ 15 ደቂቃ ሙሉ። ሰዓታት ካለፉም እጠቡት። ቡናም፣ በርበሬም፣ ቅጠልም አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ መስመር ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ክትባቱ የሚያድነውም ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ስለሚቀድመው ነው። ውሃ መፍራትና መቃዠት ከተጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህን ለአንድ አባት የነገርኩበትን ቀን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

«ውሻው ይታወቃል» ማስረጃ አይሆንም። ገድላችሁ አትጣሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ የቀረውን ክትባት ሊያቆመው ይችላል፤ ክትባቱ ግን ውሻውን እየጠበቀ አይዘገይም። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። «ክትባት የለንም» ከተባላችሁ የት እንዳለ ሳይነገራችሁ ከዚያ አትነሱ።

ወባ ከአገዳ ይመጣል?

አይመጣም። ወባ የሚመጣው ከትንኝ ንክሻ ነው። አገዳው የሚደርስበት ወቅትና ትንኟ የምትበዛበት ወቅት ስለሚገጥሙ ጥፋቱ ያለ ኃጢአቱ አገዳው ላይ ይላከካል።

ከተማ ውስጥ ወባ ከየት መጣ?

ከድሬዳዋ የጻፉት አንባቢ ረግረግም፣ ወንዝም አጠገባቸው እንደሌለ ነግረውኛል። ቤታቸው ውስጥ ግን በአንድ ወር ሦስት ሰው ታሟል።

እናቶቻችን የሚያውቋት የወባ ትንኝ ኩሬና የዝናብ ውሃ ያቆረበት ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትፈለፈለው። አሁን ግን ሌላ መጥታለች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች። ትውልዷ ከእስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ታየች፣ በ2016 ቀብሪደሃር ተገኘች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆና ተገኝታለች። ይህች ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል፤ ዝናብ በሌለበት ወርም ትራባለች።

እንግዲህ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ሰው ውሃ አያጠራቅም ማለት አልችልም። ያጠራቅማል። ግን ክዳኑ የማይገጥም በርሜል ላይ ጨርቅ ወጥራችሁ እሰሩበት፤ በሳምንት አንዴም ውስጡን ፈግፍጋችሁ እጠቡት፣ እንቁላሉ ወደ ትንኝነት ሳይደርስ ማለት ነው። ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝም እንዲሁ የተጠራቀመ ውሃ ስለምትወድ አንዱ ሥራ ለሁለቱም ይሆናል። ትኩሳት የጀመረው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይታይ።

ሦስት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ»

ከአዲስ አበባ የ28 ዓመት ወጣት ነው። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል ተብሎ መርፌም፣ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክም ወስዷል። ይሻለውና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ሌሊት ያልበዋል። «በሽታው ደሜ ውስጥ ቀርቶ ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ መልሴ ይረዝማል፤ ያንተን ደብዳቤ የሚመስሉ ብዙ ናቸውና።

ሁለቱ በሽታዎች በስም ይቀራረባሉ እንጂ በመንገድ አይገናኙም። ታይፎይድ ከበሽተኛው ከሚወጣው ሰገራ በምግብና በውሃ ተሸጋግሮ በአፍ ይገባል። ታይፈስን፣ የድሮ ሰዎች ተስቦ የሚሉትን፣ የሚያስተላልፈው ልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖር ቅማል ነው። ይህን ያረጋገጠው ቱኒስ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሻርል ኒኮል ነው። በሽተኞቹ ሆስፒታል በር ላይ ልብሳቸው ወልቆ ከታጠቡ በኋላ ውስጥ ያለን ሰው እንደማያሲዙ ልብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ቅማሉን በሙከራ አረጋገጠ፣ በ1928ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ስለዚህ ተስቦ የሚነሳው ሰው ልብሱን ለመቀየርና ለመታጠብ ባልቻለበት ቦታ ነው፦ በተጨናነቀ እስር ቤት፣ በመጠለያ ካምፕ። ቢሮ የሚውል፣ ልብሱን አጥቦ የሚለብስ ወጣት በአንድ ቀን በሁለቱም፣ ያውም በዓመት ሦስት ጊዜ መያዙ እጅግ የማይመስል ነገር ነው።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን እንዲያ ይላል? ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። የሚፈልገው ጀርሙን አይደለም፤ ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ በሽታው ከለቀቀ በኋላም ደም ውስጥ ይቆያል። የተከተበ ሰው ላይም ይታያል፤ ወባና ሌላ ኢንፌክሽንም ሊያስመስለው ይችላል። በትክክል ይሠራበት ከተባለ ደም ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ሳምንት ከዚያም በላይ ቆይቶ ተወስዶ፣ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን አራት እጥፍ ማደጉ መታየት አለበት። አንድ ቀን የተወሰደ አንድ ጠብታ ይህን አይናገርም። ዌል ፊሊክስ የሚባለው የታይፈስ ምርመራ ደግሞ ጭራሽ የታይፈስን ጀርም አይጠቀምም፤ የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ በአጋጣሚ ስለሚመሳሰሉ። በ1916 (እ.ኤ.አ.) ሌላ መላ ባልነበረበት ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። ሐኪም ከመሆኔ በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስላይዱን አወዛውዤ፣ ፍርፍር ሲል አይቼ፣ የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን «1፥160» ብዬ ጽፌ ወረቀቱን በመስኮት አቀብል ነበር። ሰውየው «ተገኘብኝ» ብሎ ይሄዳል። ምን እንደተገኘበት ግን እኔም አላውቅም ነበር። ያን ወረቀት ስንት ሰው ላይ እንደጻፍኩ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

በኋላ በሕክምና ላይ ሆኜ አንድ ሸማኔ መጣልኝ። ልክ እንዳንተ በዓመት አራት ጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ ታክሟል፤ ወረቀቶቹን በፌስታል ይዟቸዋል። ክብደቱ ወርዶ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበስቷል። ያመመው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። እነ ሲፕሮ የነቀርሳን ጀርም በጥቂቱ ይነካሉ፤ ለጊዜው ያዳክሙታል፣ አይጨርሱትም። ስለዚህ በየጊዜው «ተሽሎት» ነበር። በዚያ ዓመት ሙሉ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንዲት ክፍል ሲያስል አድሯል። ትንሿ ልጅም ተይዛ ነበር።

አንተ ጋም ነቀርሳ ነው እያልኩ አይደለም፤ በደብዳቤ አይታወቅም። ዓመት ሙሉ የሚመላለስ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚተው ነገር አይደለም። በዚህ ሳምንት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ አደራ፣ ይህ እንዲሁ «ሐኪም ያማክሩ» የሚባለው ዓይነት ምክር አይደለም። እስከዚያ ሌላ አንቲባዮቲክ አትዋጥ። ወባ ይታይልህ፤ ሳል ካለህ አክታህ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የነቀርሳ መመርመሪያ ይታይ፤ የኤች አይ ቪ ምርመራም አድርግ። ታይፎይድ ከተጠረጠረ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ደምህ ለከልቸር ይወሰድ። ከልቸር ጀርሙን ራሱን አሳድጎ የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ ቀናት ይወስዳል፣ በየቦታውም አይገኝም፤ በትልልቅ ሆስፒታሎች ግን አለ። «ከዊዳል ሌላ ምን ታየልኝ?» ብለህ ጠይቅ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ታይፎይድ የለም እንዳላልኩም ይታወቅልኝ። አለ፤ ካልታከመ አንጀት ይበሳል፣ ይገድላል። የምንቆጣውም ለዚህ ነው፤ ታይፎይድ ለሌለበት ሰው መድኃኒቱን በነጋ በጠባ በሰጠን ቁጥር፣ በእውነት ለታመመው የማይሠራበት ቀን እየቀረበ ይሄዳል። ፓኪስታን፣ ሲንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተነሳው ታይፎይድ አብዛኞቹን የተለመዱ መድኃኒቶች የሚቋቋም ነው፤ በአፍ ከሚወሰዱት የቀረው አዚትሮማይሲን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ባሌን ላጉርሰው?

የጻፈችልኝ አንዲት እህት ናት። ባለቤቷ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሰሃኑንና ብርጭቆውን ለይታለች፤ አማቷ ደግሞ ፀበል ስለሚወስዱት «ክኒኑ ይቁም» ይላሉ።

እህቴ፣ ሰሃኑን መልሺ፤ አጉርሺውም። ነቀርሳ የሚተላለፈው በሳልና በትንፋሽ በሚወጣ አየር ነው እንጂ በእንጀራ፣ በብርጭቆ ወይም በእጅ አይደለም። መስኮቱን ክፈቱ፣ ሲያስል አፉን ይሸፍን። መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ የማስተላለፍ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ተመርመሩ፤ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ ነገ ዛሬ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ የመከላከያ መድኃኒት አለው። ሽንቱ ቢቀላ አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።

ፀበሉን ይጠመቅ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጥ። ለ6 ወር ነው፤ «ተሻለኝ» የሚባልበት ሁለተኛው ወር ላይ ማቆም በሽታውን መድኃኒት አስለምዶ ማስነሳት ነው። ለአማትሽ፣ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ፀበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መምከራቸውን በአክብሮት ንገሪያቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

«ጤነኛ ነኝ፣ ለምን መድኃኒት ይሰጡኛል?»

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንባቢ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ልትቀጠር ስትል በቆዳ ምርመራ ቲቢ ተብላለች። ኤክስሬዋ ንጹሕ ነው። ተቆጥታ ነው የጻፈችው፤ ልጅ ሳለች የተከተበችው ክትባት ነው ያሳሳታቸው ትላለች።

ሊሆን ይችላል። የቆዳው ምርመራ ቢሲጂ በሚባለው የነቀርሳ ክትባት ይሳሳታል፤ የደሙ ምርመራ፣ ኳንቲፌሮን የሚሉት፣ ግን በክትባቱ አይሳሳትም። እሱን ጠይቂ። እሱም ፖዘቲቭ ካለ ጀርሙ ተኝቶ አለ ማለት ነው፤ አላመመሽም፣ ለማንም አታስተላልፊም። ነገር ግን ካልታከሙት ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ በሕይወት ዘመናቸው ይነቃል፤ አሜሪካ ውስጥ የሚታየው አብዛኛው ቲቢ ከዚሁ ከተኛው የሚነሳ ነው። ሕክምናው 3 ወይም 4 ወር ብቻ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ተናገሪ፤ መድኃኒቱ ያዳክመዋል። ውሰጂው፤ የምትንከባከቢያቸው ሽማግሌዎች አቅማቸው ደካማ ነው።

ምች መታኝ

ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ትኩሳትና ፀሐይ ሲያገኝ ይወጣል። በሳምንት በአሥር ቀን በራሱ ይደርቃል፤ ዳማከሴውን ብትጠጡ አልቃወምም። እስኪደርቅ ግን ጨቅላ ሕፃን አትሳሙ። ለእነሱ አደገኛ ነው።

ጥሬ ሥጋ በአረቄ

አረቄም፣ ሚጥሚጣም በጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ኮሶ አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው።

ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠሉ በሽታ ያጠፋል?

ልማዱ ከኅዳር በሽታ የቀረ ነው፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፤ ኢንፍሉዌንዛ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ እንጂ ከቆሻሻ አይነሳም። መንደሩን ማጽዳቱ ግን ለዝንብና ለአይጥ ጥሩ ነው፤ ጥረጉ፣ ሰብስቡ። ፕላስቲኩን አታቃጥሉ፤ አስም ያለበት ጎረቤት ካላችሁም ከመለኮሳችሁ በፊት አስታውቁት።