ሕገ ወጥ ይዘትን ከኢንተርኔት ስለ ማስወገድ፦ ከደሴና ከአካባቢዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአማርኛ የሚለጠፉ ጽሑፎችንና ምስሎችን በመገምገም ሥራ አራት ዓመት አሳልፌአለሁ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚያ ሥራ ባወቅሁት መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ)፦ የ16 ዓመት ልጄን አንድ ወጣት የገላዋን ምስል እበትናለሁ እያለ ያስፈራራታል። ለማስጠፋት ምስሉን ለኩባንያዎቹ መላክ አለብን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለማንም አይላኩ። የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2023 ቴክ ኢት ዳውን የተባለ ነፃ አገልግሎት ጀምሯል። ልጅዎ ምስሉን ከስልኳ ስትመርጥ አገልግሎቱ እዚያው ስልኩ ላይ ሃሽ የሚባል የቁጥር አሻራ ያወጣለታል፤ ወደ ማእከሉ የሚሄደውም አሻራው ብቻ ነው። ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ቲክቶክን የመሰሉ ተሳታፊዎች አሻራውን ተቀብለው ተመሳሳዩን ምስል ይፈልጋሉ። ስምም አይጠየቅም። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ከሞላ በኋላ ለተነሱት ደግሞ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ።

አንዲት ተማሪ ይህን ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ጣቷ እየተንቀጠቀጠ ገጹን ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ከጨረሰች በኋላ «ፎቶው ሄደ ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ጋለሪዋን እንድትከፍት ነገርኋት፤ ምስሉ እንደ ነበረ ተቀምጧል፤ ከስልኳ አልወጣም። ልጅዎም ይህን ፍርሃት ብቻዋን እንዳትሸከም አብረዋት ይቀመጡ፤ አይቆጧት። ለወጣቱ ገንዘብ አይክፈሉ፤ የከፈለ ሰው ዳግመኛ ይጠየቃል። የዛቻውን መልእክት ስክሪንሾት ይዛችሁ በፖሊስ ጣቢያ ወዳለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሂዱ። ዛቻው በቴሌግራም ከሆነ እዚያው መተግበሪያው ውስጥ ሪፖርት አድርጉ፤ ቴሌግራም የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል ከኢንተርኔት ለማስወገድ የሚሠራውን የእንግሊዙን ድርጅት፣ ኢንተርኔት ዎች ፋውንዴሽንን የተቀላቀለው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው።

ጥያቄ (የስልክ ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ ፒያሳ)፦ ምስሉ ቢቆረጥ ወይም ቀለሙ ቢቀየር አሻራው እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ጥያቄህ የነገሩን ሥር ይነካል። በተለመደው ሃሽ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ቁጥሩ በሙሉ ይለወጣል። ማይክሮሶፍት ከዳርትመዝ ኮሌጁ ፕሮፌሰር ሀኒ ፋሪድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ፎቶዲኤንኤ የተባለ የምስል መለያ ዘዴ ግን ምስሉን መጀመሪያ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጠዋል፤ መጠኑን ያስተካክላል፤ ከዚያም በትናንሽ አራት ማእዘኖች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ብርሃኑ ወዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ይለካል። ስለዚህ ምስሉ ቢያንስም ቀለሙ ቢደበዝዝም ልኬቱ ይቀራረባል። ሆኖም የአሻራ ዘዴ ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች መስጊዶች ላይ የተፈጸመው ግድያ ቪዲዮ በተሰራጨ ጊዜ፣ ፌስቡክ በ24 ሰዓት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ቅጂ ማንሳቱንና ከዚህ ውስጥ 1.2 ሚሊዮኑን ገና ሲጫን ማገዱን ገልጿል። የቀሩት አልፈዋል፤ ሰዎች ቪዲዮውን እየቆረጡና ከሌላ ስክሪን ላይ እየቀረጹ ከ800 በላይ የተለያየ መልክ ሰጥተውት ነበርና።

ጥያቄ (መምህር፣ ከሐይቅ)፦ የጥላቻ ጽሑፍ ሪፖርት ስናደርግ «ደንባችንን አይጥስም» ይሉናል። ለሕፃናት ምስል የሚሠራው ለዚህ ለምን አይሠራም?

መልስ፦ መምህር፣ ቃል አሻራ የለውም። «ሰፈራችንን እናጽዳ» የሚለው ጽሑፍ በበዓል ዋዜማ ወጣቶችን ለጠረጋ ይጠራል፤ ግጭት በተነሳ ማግስት፣ የአንድ ወገን ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ሲጻፍ ግን የግድያ ጥሪ ነው። ይህን የሚለየው ቋንቋውንና የሰሞኑን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ስሠራ አንድን ጽሑፍ አንብቤ የምወስንበት ጊዜ እጅግ አጭር ነበር፤ ያመለጠኝን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሱ ይላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ኩባንያዎችን ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 6 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ቅጣት የሚፈራ ኩባንያ በዚያ አገር ቋንቋ ሰው ይቀጥራል፤ አማርኛ ገና በቂ ሰው አልተቀጠረለትም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሪፖርት ስታደርጉ ትክክለኛውን ምድብ ምረጡ። መቶ ሰው ስለጠቆመ ብቻ ጽሑፍ አይነሳም፤ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ካለ ቃሉ በአካባቢው ምን ማለት እንደሆነ ግለጹ።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ሕገ ወጥ ምስል አይቼ ለማጋለጥ ብዬ ባጋራውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታጋራ። የሕፃን ወሲባዊ ምስል ከሆነ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መያዙም ጭምር ወንጀል ነው። ሊንኩንና ያየህበትን ሰዓት ጽፈህ ለፖሊስ ስጥ።

ጥያቄ (ከደሴ ሰኞ ገበያ)፦ ዋትሳፕ የተመሰጠረ ነው ይባላል። እዚያ የሚላከውን ማን ይቆጣጠራል?

መልስ፦ ኩባንያው መልእክቱን በመንገድ ላይ ሊያነብ አይችልም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ምስሎችን ስልኩ ላይ እያሉ ከታወቁ የሕፃናት ወሲባዊ ምስሎች አሻራ ጋር ለማመሳከር አቅዶ፣ ለሌላ ስለላ በር ይከፍታል የሚል ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው በ2022 ትቶታል። ተቃውሞው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የተጎዱትን ልጆች ሳስብ ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። አሁን ያለው መንገድ የተቀባዩ ሪፖርት ነው፤ ሪፖርት ሲደረግ ከላኪው የመጡ የመጨረሻዎቹ 5 መልእክቶች ለዋትሳፕ ይደርሳሉ። ብዙ ሰው ግን ደንግጦ መጀመሪያ ውይይቱን ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ የሚላክ ነገር አይኖርም።