የኋላ ፓራውልት ስለማጠንከርና ስለመቀየር፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት 16 ዓመታት ብየዳና የሻንሲ ሥራ ላይ ነኝ። አብዛኛው ደንበኛዬ ወደ ዳሎል፣ ወደ ኦሞና ወደ ባሌ የሚወጣ የላንድክሩዘር ሹፌር ነው። ስለ ኋላ ፓራውልት (ባምፐር የምትሉትም እሱኑ ነው) የሚከብዳችሁን ጠይቁ፤ እስከ ማታ አለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ላንድክሩዘር 76 አለኝ። የኋላው ፓራውልት ድንጋይ ነክቶት ተጣጥፏል። ከውስጥ አጠንክሬው ልቀጥል ወይስ አዲስ ላሠራ?

መልስ፦ ለምን እንደምትፈልገው ነው ወንድሜ። ወደ ኋላ ስትል ድንጋይና ግንድ እንዳይጎዳህ ብቻ ከሆነ ማጠንከር ይበቃል። አቅንተህ ከጀርባው ባለ 100 በ50 ቱቦላሬ፣ 4 ሚሊ ውፍረት ያለውን አስገባበት፤ ሜትሩ ወደ 8 ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን ጠቅላላው 14 ኪሎ ቢሆን ነው። በክሪክ ልታነሳበት፣ ልትጎተትበት ወይም ስኮርታ ጎማ ልትሰቅልበት ካሰብክ ግን ቀይረው። በሁለቱም መንገድ፣ ብረት ከመግዛትህ በፊት ከመኪናው ሥር ተኛና ፓራውልቱ ከሻንሲው ጋር የተያያዘበትን ቦታ እይ። ዝገት አለ? ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል? ጥንካሬው የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ውጪው የሚታየው ብረት ቀጥሎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በያጁ «6 ሚሊ ፕሌት እናድርገው፣ ዕድሜ ልክህን ትገላገላለህ» ይለኛል። ልስማው?

መልስ፦ እኔ አይሁን ባይ ነኝ። 1 ካሬ ሜትር ብረት በየ1 ሚሊ ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ 3 ሚሊው ወደ 24 ኪሎ፣ 6 ሚሊው 47 ኪሎ መሆኑ ነው። የተሰቀለው ደግሞ ከኋላ አክስል ውጪ ነው። የ76 ከአክስል እስከ አክስል 2.73 ሜትር ነው። ከኋላው አክስል 1 ሜትር ወጣ ብለህ 60 ኪሎ ብትሰቅል፣ የኋላው ባሌስትራ የሚጨመርበት 82 ኪሎ ገደማ ነው። ትርፉ 22 ኪሎ ከፊት ተነስቶ የመጣ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ መሪው የሚቀልህ ለዚህ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ የጉብኝት መኪና ባለ 6 ሚሊ ሠርቼ፣ ማያያዣውን ሻንሲው ላይ በየድኩት። ስኮርታ ጎማና ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ጨመርንበት። ዳሎል አጠገብ ካለችው ሐመድ ኤላ መንደር ደርሶ ሲመለስ ሹፌሩ «ከኋላ ሲጢጥ ይላል» ብሎ አመጣው። ከሥር ገብቼ ሳይ፣ ብየዳዬ ካለቀበት ጫፍ ላይ ፀጉር የምታህል ቡናማ መስመር አለች። ጭረት መስላኝ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ወለወልኳት። ጨርቁን ሳነሳ ናፍጣው ከመስመሯ ውስጥ ተመልሶ ወጣ። ሻንሲው ተሰንጥቋል። በዚያ በረሃ ሰው ጭኖ መመለሱን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ ገላውን 3 ሚሊ፣ ከሻንሲው የሚገናኘውን ማያያዣ ብቻ 8 ሚሊ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ብየዳው ይቅር ማለት ነው? በምን ልሰር?

መልስ፦ በቡሎን። ብየዳ ሻንሲውን በሙቀት ይለውጠዋል፤ በተለይ ከላይና ከታች ባለው ጠርዝ ላይ ወደ ጎን የተሰመረ ብየዳ የስንጥቅ መነሻ ነው። ቀዳዳም በጎኑ መሐል አካባቢ እንጂ በላይና በታችኛው ጠርዝ አይበሳም፤ ፋብሪካው የተወውን ቀዳዳ መጠቀም ከሁሉ ይሻላል። ቡሎኑ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ጽሑፍ (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ይኑረው፤ ምንም ያልተጻፈበትን አትቀበል። ሻንሲው ሣጥን ከሆነ፣ ቡሎኑ የሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ በውስጡ ይግባ። ያለዚያ ዳዶውን ስታጠብቅ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ በሳምንቱም ይላላል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ አጥብቅ።

መኪናው ላይ የግድ ብየዳ ካለ፣ የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይፈታ፣ የብየዳ ማሽኑ የምድር ገመድ ከሚበየደው አጠገብ ይያዝ። የነዳጅ ጋኑ ከኋላ በኩል ስለሆነ ሳይወርድ እሳት አይቀርብም። እዚህ ላይ «እርጥብ ጨርቅ እንሸፍንበት» የሚል በያጅ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ፦ እኔ ሴት ሹፌር ነኝ፤ ጭቃ ውስጥ ስገባ ገመዱን ተጎታች መያዣው ኳስ ላይ እያሰሩ ያወጡኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ በጣም አለው እህቴ። እባክሽ ዛሬውኑ አስቁሚ። ያ ኳስ የተሠራው ቀስ ብሎ የሚሳብ ተጎታች እንዲይዝ ነው። ገመዱ ተወጥሮ ድንገት ሲነጥቅ አንገቱ ላይ ይሰበራል፤ ከዚያ ኳሱ እንደ ጥይት ይወነጨፋል። አውስትራሊያ ውስጥ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። አዲስ ፓራውልት ስታሠሪ ጋንቾው (የመጎተቻው መንጠቆ) ላሜራው ላይ አይለጠፍ፤ ወፍራሙ ፕሌት ፓራውልቱን ዘልቆ ከኋላ ካለው ማያያዣ ጋር ይያያዝ፤ ጉልበቱ ቀጥታ ሻንሲው ላይ እንዲያርፍ። ሻክሉ (ገመዱን ከጋንቾው የሚያያይዘው የብረት ቀለበት) 4.75 ቶን የሚል የታተመበት ይሁን። ሰው ሲጎትት ደግሞ ልጆችን ከገመዱ አካባቢ አርቂ፤ ገመዱ መሐል ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ጣል ማድረግም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ስኮርታ ጎማዬን ከበሩ አውርጄ ፓራውልቱ ላይ ልስቀለው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ትልቅ ጎማ ከሆነ ጥሩ አስበሃል፤ የበሩ ማጠፊያ በፒስታ መንገድ ይደክማል። ጎማውን ይዞ እንደ በር የሚከፈተው ክንድ የሚዞርበት ዘንግ ግን ቅባት የሚገባበት ኩሽኔታ ይኑረው። የበር ማጠፊያ በይደው የሚሰጡህን አትውሰድ። ሲዘጋም በአንድ መቆለፊያ ብቻ ሳይሆን ሾጠጥ ያለ የላስቲክ መቀመጫ ላይ ተጭኖ ይረፍ። መንኳኳቱ የሚጠፋው በሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት። ለአባቴ ላንድክሩዘር 78 ከዚህ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ፓራውልት ገዝቼ ልላክላቸው?

መልስ፦ ላክላቸው፤ ግን የ76፣ የ78 እና የ79 የኋላ ሻንሲ አንድ አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩን ሳትይዝ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ ልጄ። ከዳሎል በተመለስኩ በዓመቱ ፓራውልቱ ከውስጥ በሰበሰ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጨዉ ነው። የተዘጋ ቱቦላሬ ውስጥ የገባ ጨዋማ ውሃ መውጫ የለውም። አዲሱን ሲያሠሩ በሁለቱም ጫፍ ከሥር 10 ሚሊ ቀዳዳ ይበሱለት፤ ውስጡ ፀረ ዝገት አፍስሰው ሁሉም ጋ እንዲደርስ ያገላብጡት። ሲመለሱ መቀሌ እንደደረሱ ከሥር በኩል በደንብ ይታጠብ፤ ቱቦ ወደ ቀዳዳው አስገብተው ውሃው ንጹሕ እስኪወርድ። ጋልቫናይዝድ ብረት ከመረጡ፣ በያጁ የሚበየድበትን ቦታ ዚንኩን ይፋቅለት። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

ጥያቄ፦ ለቦሎ ምርመራና ለኢንሹራንስስ?

መልስ፦ ታርጋው፣ የታርጋ መብራቱ፣ ፍሬቻውና ስቶፑ እንዳይሸፈኑ። ጠርዙ ይክበብ፣ ከተማ ውስጥ እግረኛ አለ። ከመግጠምህ በፊት ለኢንሹራንስህ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ትራንስፖርት ቢሮም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የኔ ከተገጠመ ሦስት ዓመት ሆነው፣ የተበየደ ነው። ስንጥቅ ካለ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ አካባቢውን በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፣ ናፍጣ ቀባና ሩብ ሰዓት ተወው። አድርቀህ ወልውል፣ ከዚያ ጠመኔ አሽተህ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ ናፍጣው ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል። በተለይ የብየዳውን ጫፎችና የባሌስትራውን የኋላ ማንጠልጠያ አካባቢ እይ። መስመር ካየህ ጭነቱን ዛሬ አውርድ፣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ እስክንነጋገርም ከከተማ አትውጣ።