ፓርክ ውስጥ ተማሪ ማስተማር እፈልጋለሁ ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ መልዕክትሽ ደርሶኛል። በባዮሎጂ ከተመረቅሽ አመት ሊሞላሽ ነው፣ ሮቤ ቤተሰብ ጋር ነሽ፣ ባሌ ተራሮች ፓርክ ለትምህርት ቤት ልጆች በሚሰጥ ትምህርት ላይ መስራት ትፈልጊያለሽ፣ እና ማስተርስ ልጀምር ወይስ ቫካንሲ ልጠብቅ ነው ጥያቄሽ።

ለአሁኑ ሁለቱንም አልመክርሽም። ስራው ባዮሎጂ ይመስላል እንጂ ዋናው ማስተማሩ ነው፣ የላክሽልኝ ሲቪ ላይ ደሞ አንድ ቀን እንኳን ልጆች ፊት እንደቆምሽ ሚያሳይ ነገር የለም። እኔ ቀጣሪ ብሆን 40 ልጅ ሜዳ ይዞ ወጥቶ በሰላም የመለሰውን ነው ምወስደው። ሌላው፣ ኦሮምኛ አቀላጥፈሽ እንደምትናገሪ በመልዕክትሽ ነግረሽኛል ሲቪሽ ላይ ግን የለም! እዛ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በአፋን ኦሮሞ ነው ሚማሩት፣ ዛሬውኑ ከላይ ጻፊው።

ከዛ አንድ ትምህርት ብቻ አዘጋጂ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ። በአለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ደሞ እናንተው ጋር ባሌ ነው ያለው፣ በብዛት ሚጨርሳቸው ከውሻ ሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይሄን ለልጅ ስታስተምሪ ስለ ሩቅ አውሬ አይደለም ምታወሪው፣ ስለ ቤቱ ውሻ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ አይነት ጉዞ ላይ አብሬ ሄጄ አስተማሪዋ "ቤቱ ውሻ ያለው?" ስትል ሁሉም እጁን አወጣ፣ ከኋላ የነበረ ትንሽ ልጅ "የኛ ውሻ ከብት ተከትሎ ተራራ ይወጣል፣ ማነው ሚከትበው?" አላት። እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ያኔ ነው የገባው።

ቦታው ዲንሾ ይሁን፣ የፓርኩ ዋና መስሪያ ቤት ያለው እዛ ነው፣ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ በእግር እየሄዳችሁ ታያላችሁ። ቀይ ቀበሮ ግን ለማየት ሳነቴ፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ አምባ ላይ መውጣት ይሻላል፣ ብርዱ ስለሚከብድና መኪና ስለሚያስፈልግ እሱን ለኋላ አቆዪው። መጀመሪያ የአንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ መምህር አናግሪ፣ በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ፓርኩን አስፈቅጂ፣ ከ20 ልጅ በላይ አትያዢ፣ ሁለት መምህር አብሮሽ ይሁን። ስትመለሱ ልጆቹ የጠየቁትን ጥያቄ በሙሉ ጻፊ። ሶስት አራቴ ከሰራሽው በኋላ ጽሁፉንና የመምህሩን የምስክርነት ደብዳቤ ይዘሽ ፓርኩ ቢሮ ግቢ፣ ባሌ ውስጥ ውሻ ሚከትበውና ትምህርት ቤት ሚዞረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራምም ጋር ሂጂ። ማስተርሱን ያኔ እናወራለን። የመጀመሪያውን የትምህርት እቅድ እንደጨረስሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።