«ጥሩ ነው» ከተባለ በኋላ

እህታችን የጠየቀችው ይህንን ነው፦ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በአጋሮ አካባቢ ስላለው የቡና ሥራ የ20 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል፤ ጅማ ላይ አሳይተው የተመልካች አስተያየት ለመሰብሰብ ምን ዓይነት መጠይቅ ያዘጋጁ? ተማሪዎችን በዚህ ሥራ ለዓመታት ስለረዳሁ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መጠይቁን ለጊዜው አቆዩት። «ፊልሙን እንዴት አገኙት?» የሚል ወረቀት ብታድሉ አብዛኛው ሰው «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጎ ይመልስላችኋል። ልጆች ለፍተው ባመጡት ሥራ ላይ ፊት ለፊት እንከን ማውጣት ለእኛ ሰው ይከብደዋል። መምህራችሁ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከሆነ ደግሞ ውጤታችሁን የሚያበላሽ መስሎት ጭራሽ ይሳሳላችኋል።

ይልቅስ «ፊልሙን ላላየ ጎረቤትዎ ስለ ምን ነው ብለው ይነግሩታል?» በሉ። እናንተ ስለ ቡና ዋጋ ሠርታችሁ ተመልካቹ ስለ ደን ጥበቃ ነው ካለ፣ ያንን የትኛውም የነጥብ ሠንጠረዥ አያሳያችሁም። ቀጥላችሁ ግራ የገባው ቦታ የቱ እንደሆነ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚያቅተው። አዘጋጁ ብድግ ብሎ «እዚያ ጋ ለማለት የፈለግነው…» ማብራራት ሲጀምር ተመልካቹ አስተያየቱን ይተውና ማጽናናት ይጀምራል።

ፊልሙ ሲታይ አንዳችሁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ ሰዓትና ደብተር ይዞ ይቀመጥ። ስልክ የበራበትን፣ የተሳቀበትን፣ የተንሾካሾኩበትን ደቂቃ ይመዝግብ። ብዙ ጊዜ የሚንሾካሾኩት «ምን አለ?» እየተባባሉ ነው፤ ሙዚቃው ድምፁን ውጦታል ማለት ነው። ፊልሙን ያቀናበረው ልጅ ንግግሩን በቃሉ ስለሚያውቀው ይህ ፈጽሞ አይሰማውም።

ከከተማው ሰው በፊት ግን ፊልሙ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች ይዩት። ራሳቸው እንዴት እንደቀረቡ ቀድመው የማየት መብት አላቸው፤ ደግሞም እንደ እነርሱ የሚያርማችሁ የለም። በአንድ የተማሪዎች ሥራ ላይ ተራኪው እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ጣቢያ እንደሚሄድ ሲናገር ምስሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል፣ ማለትም ሳይፈለፈል ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ ያሳይ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው አላስተዋለውም፤ አንድ አባት ግን ወዲያው ሳቁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ስለሚበዛባቸው ቀን ላይ አትጥሯቸው።

ጥያቄው በአማርኛ ብቻ ከሆነ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሽማግሌዎች በሁለት ቃል መልሰው ይገላግሏችኋል። ከመካከላችሁ ኦሮምኛ የሚችለው ይጠይቅ፣ አስፈቅዶ ድምፃቸውን ይቅዳ፤ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። ከተቻለ ቡና ይፈላ። በአቦል ምስጋናና ምርቃት ነው የሚመጣው፤ እውነተኛው ወሬ ከቶና በፊት ሲመጣ አላየሁም።

ዩቲዩብ ላይ ብትጭኑት በቂ ተመልካች ካገኘ ሰው የትኛው ደቂቃ ላይ ትቶ እንደወጣ ያሳያችኋል። ለምን እንደወጣ ግን አይነግራችሁም፤ ስለዚህ አዳራሹን አይተካም።

አስተያየቱ ሲሰበሰብ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ የተናገሩ ሦስት ሰዎች ያነሱትን ነገር በቁም ነገር ያዙ፤ ያቀረቡትን መፍትሔ ግን እንዳለ አትውሰዱ። «እዚህ ጋ ሙዚቃ ጨምሩበት» ሲሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ረዝሞባቸዋል፤ ቁረጡት። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ቅንብሩ ገና ሳይዘጋ ነው። ማስረከቢያው ነገ ከሆነ የምትሰበስቡት አስተያየት ለሪፖርታችሁ ማሟያ ብቻ ይሆናል።

መጠይቁን አሁንም ከፈለጋችሁት፣ ዕድሜ፣ ሥራና የሚቀናቸውን ቋንቋ ብቻ የሚጠይቅ ግማሽ ገጽ ይበቃል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል የላፕቶፑን ባትሪ ሞልታችሁ ሂዱ፤ ድምፅ ማጉያውም በባትሪ የሚሠራ ይሁን።