ሶቶን መሸጡ አይደለም የጎዳን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዋሽንግተን ዲሲው የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ የ2025 ሲዝንን 66 አሸንፎ 96 ተሸንፎ ከጨረሰ ወዲህ የሚደርሱን ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ ቡድን አሰራር ስለሆኑ የዚህን እትም ገጽ ሙሉውን ለቤዝቦል ሰጥቼዋለሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ጥያቄ፦ እኔ ቤዝቦል የለመድኩት ዲሲ ታክሲ እየነዳሁ በሬዲዮ ነው። በ2019 ዋንጫ የበላውን ቡድን እንዳለ በተኑት። ሃርፐር ቀድሞ ሄዷል፣ ሬንዶን ሄደ፣ ሸርዘርና ተርነር ለዶጀርስ ተሰጡ፣ በመጨረሻ ሶቶን የ23 ዓመት ልጅ አሳልፈው ሰጡት። እንዲህ ያለ ተጫዋች ይሸጣል? እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወንድሜ ንዴትህ በደንብ ይገባኛል፣ በ2019 ዋይልድ ካርድ ጨዋታ 3 ለ 1 እየተመራን ስምንተኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ሶቶ የሚልዋኪውን ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) የሄደርን ኳስ ወደ ራይት ፊልድ ሲመታትና ኳሷ ከተከላካዩ ስር ሾልካ ሶስቱም ሲገቡ ያየ ሰው እንዴት ይረሳል። እኔ ግን ሶቶን መሸጣቸው ልክ ነበር ባይ ነኝ፣ ዛሬም አቋሜን አልቀየርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንድ ተጫዋች ሜጀር ሊግ ከገባ በኋላ 6 ዓመት የሰርቪስ ታይም እስኪሞላው ድረስ በቡድኑ እጅ ነው፣ ከሞላ በኋላ ፍሪ ኤጀንት ሆኖ የፈለገው ጋ ይፈርማል፣ የለቀቀው ቡድን ቢበዛ አንድ የድራፍት ዕጣ (አዲስ ወጣት ተጫዋች የመምረጥ ተራ) ነው የሚያገኘው። ሶቶ በሜይ 2018 በ19 ዓመቱ ስለገባ የ2024 ሲዝን ሲያልቅ ነጻ ይወጣ ነበር። በ2022 የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቀረበለት፣ አልፈልግም አለ። አልፈርድበትም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን አስፈርመውታል። ታዲያ እንደማይፈርም ከታወቀ መጠበቁ ምን ያደርጋል? ኦገስት 2, 2022 ላይ የሚገዛው ቡድን ሶቶን ለሶስት የፕሌይኦፍ (ከሲዝኑ በኋላ ያለው የዋንጫ ውድድር) ሩጫ ነበር የሚያገኘው፣ ለዚህ ነው ፓድሬስ ያን ያህል የሰጡት፣ አንድ ዓመት ቢዘገይ ዋጋው ይወርድ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነው። ከመጡት ልጆች ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ጄምስ ዉድ ደግሞ በ2025 ኦል ስታር ሆኑ፣ ሃሰልና ሱሳና የሚባሉትም አሉበት። ከአንድ ትሬድ ሶስት ኦል ስታር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሃርፐርን አስብ እስኪ፣ በ2018 መጨረሻ ኮንትራቱ አለቀና ፊሊስ ጋ በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ፈረመ፣ እኛ የረባ ነገር አላገኘንበትም።

የጎዳን ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ተመልከት፣ በ2009 ስትራስበርግ፣ በ2010 ሃርፐር፣ በ2011 ሬንዶን፣ ሶስት ዓመት በተከታታይ ድራፍት ላይ ወርቅ አፈሱ፣ ሶቶን ደግሞ በ2015 ገና በ16 ዓመቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1.5 ሚሊዮን አመጡት። ቀድሞ ከሄደው ከሃርፐር በቀር የዋንጫው ቡድን ካስማዎች እነዚህ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ድራፍቱ ደረቀ። የ2017 የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸው ሮሜሮ ሜጀር ሊግ ላይ ሶስት ጨዋታ ወርውሮ ቀረ፣ የ2018ቱ ዴናበርግ ጭራሽ አልደረሰም፣ የ2016ቱን ኪቡምን የሬንዶን ቦታ ላይ አቆሙትና ዱላው እምቢ አለው። ስለዚህ ትልልቆቹ ሲወድቁ ከኋላ የሚተካ ሰው ጠፋ። ስትራስበርግ ከዋንጫው ማግስት የ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ፈርሞ ከዚያ በኋላ የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው፣ ሰውነቱ ከዳው ምስኪን። ፒቸሩ ኮርቢን በ6 ዓመት 140 ሚሊዮኑ ብዙ ይሰደባል፣ በ2022 19 ጨዋታ መሸነፉም እውነት ነው፣ ግን በ2019 የዋንጫው ፍጻሜ ሂዩስተን ላይ ሰባተኛው ጨዋታ ገብቶ ሶስት ኢኒንግ አንድም ሰው ሳያስገባ ወርውሮ ድሉ የተመዘገበው በሱ ስም ነው፣ ለኔ የዚያን ሌሊት ብድሩን ከፍሏል። እሱ በቀጠሉት ዓመታት ሲደክም በየአምስት ቀኑ መልሰው ያስገቡት የነበረው ሌላ ሰው ስለሌላቸው ነው። ጤነኛ ቡድን ቢሆን ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ቡድናቸው ሮቸስተር ላይ ሁለት ሶስት ወጣት ፒቸር ተራ ይጠብቅ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሪዞ ያን ዋንጫ የሰራ ሰው ነው፣ ለዚህ ክብር አለኝ፣ በጁላይ 2025 ከማናጀሩ (ከአሰልጣኙ) ማርቲኔዝ ጋር ሲሰናበት ግን ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጄምስ ዉድን በጣም ነው የምትወደው። እኔ ግን ስታዲየም ይዣት በሄድኩ ቁጥር ሲሞት ነው የማየው። በ2025 221 ጊዜ ስትራይክ አውት ሆነ (ሶስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ወጣ) ሲሉ ሰማሁ። እንዲህ ሆኖ እንዴት ኮከብ ይባላል? ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ልጁ የሰፈራችሁ ልጅ ነው፣ ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ያደገ፣ ስለዚህ ልጅሽ አልተሳሳተችም። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ 221 ማለት የምንጊዜም ሪከርድ ሊሆን ሁለት ነው የቀረው፣ ሪከርዱ በ2009 ማርክ ሬይኖልድስ ያስመዘገበው 223 ነው። ብዙ ነው፣ አልክድም።

ግን ሰው ሲመዘን ሲሞት እንዴት እንደሞተ ብቻ አይታይም። ስትራይክ አውት አንድ አውት ነው፣ መሬት ለመሬት መትቶ መሞትም አንድ አውት ነው፣ እንዲያውም ሰው ቤዝ ላይ እያለ መሬት ለመሬት ከመታ ደብል ፕሌይ (በአንድ ምት ሁለት አውት) ሊያመጣ ይችላል። ሶስተኛ ቤዝ ላይ ሰው ቆሞ ከሁለት አውት በታች ሲሆን ስትራይክ አውት ያናድዳል፣ ያኔ ብትናደጂ ልክ ነሽ። የቀረውን ጊዜ የሚጠየቀው ስንቴ ቤዝ ላይ ደረሰ ሲመታስ ምን ያህል ራቀ የሚለው ነው። ድሮ ባቲንግ አቨሬጅ ብቻ ነበር የሚታየው፣ እሱ ደግሞ ዎክን (በአራት መጥፎ ኳስ በነጻ አንደኛ ቤዝ መሄድን) ጭራሽ አይቆጥርም፣ ሲንግልንና ሆም ረንን እኩል ያደርጋል፣ በሱ ብቻ ሰው መመዘን ይከብዳል። ዉድ በ2025 31 ሆም ረን መታ። ሌሎች ቡድኖች ምን ያህል እንደሚፈሩት ማወቅ ከፈለግሽ ደግሞ ጁን 29 አናሃይም ላይ ከኤንጀልስ ጋር የነበረውን ጨዋታ እይ፣ አራት ጊዜ ሆን ብለው ዎክ ሰጡት፣ ከ2017 ወዲህ ኳስ መወርወርም አያስፈልግም፣ ማናጀሩ ከዳጋውት እጁን ያወጣል ልጁ ዱላውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል። አራት ጊዜ! ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ በአንድ ጨዋታ እንዲህ የተደረገለት ሰው የለም። የማይረባ መቺ እንዲህ አይፈራም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፣ ከ31ዱ ሆም ረን 24ቱን የመታው ከኦል ስታር እረፍት በፊት ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ሰው ስትራይክ ዞኑም ሰፊ ነው፣ ፒቸሮቹ ደካማ ጎኑን አገኙት ማለት ነው፣ አሁን መልስ መስጠት የሱና የአሰልጣኞቹ ስራ ነው። ሲዝኑ ሲጀመር ሁለት ስትራይክ ከሆነበት በኋላ ምን እንደሚያደርግ ከልጅሽ ጋር ሆነሽ እዪው፣ ዱላውን ያሳጥራል ወይስ ያው በሙሉ ኃይሉ ይሰነዝራል?

ጥያቄ፦ ቤዝቦል የደመወዝ ጣሪያ እስከሌለው ድረስ ስለ ቡድን አሰራር ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ዶጀርስ ገዝቶ ይበላል፣ ሌላው ያጨበጭባል። ከዳላስ

መልስ፦ ግማሹን እስማማለሁ። ለኦታኒ በ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ፈርሞ 680ውን ለኋላ ማቆየት የሚችል ቡድን ከሌላው ጋር እኩል ነው ብዬ አልዋሽህም፣ የ2025 የቅንጦት ታክስ (ደመወዙ ከልክ ያለፈ ቡድን የሚከፍለው) መነሻ 241 ሚሊዮን ነበር፣ እነሱ እሱን አልፈው በሩቅ ነው ያሉት። ግን ገንዘብ ብቻውን ቢበላ ሜትስ በበሉ ነበር። ሶቶ በ2025 43 ሆም ረን መትቶ፣ 38 ቤዝ ሰርቆ፣ ማለትም የተከፈለውን በደንብ አድርጎ ሰርቶ፣ ሜትስ 83 ለ 79 ጨርሰው በመጨረሻው ቀን ፕሌይኦፍ ቀረባቸው። በዚያው ዓመት ከሁሉም በላይ 97 ጨዋታ ያሸነፈው ሚልዋኪ ነው፣ ከዶጀርስ ጋር በደመወዝ የማይወዳደር። አዎ፣ ዶጀርስ በፕሌይኦፍ 4 ለ 0 አራገፋቸው፣ አውቃለሁ። ግን የዓለም ዋንጫውን ሰባተኛ ጨዋታ ቶሮንቶ ላይ ማን እንዳዳነው ተመልከት፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ አንድ ለማድረግ የመታው ሚጌል ሮሃስ ነው፣ በጓንቱ እንጂ በዱላው የማይታወቅ ሽማግሌ ተጫዋች፣ አስራ አንደኛው ላይ የጨረሰው ደግሞ ዊል ስሚዝ ነው፣ በ2016 ራሳቸው ድራፍት አድርገው ራሳቸው ያሳደጉት። 26 ሰው ነው አንድ ሮስተር። የላይኛውን አምስት ስድስት ሰው በገንዘብ ትገዛለህ፣ ከዚያ በታች ያለው ሃያ ሰው ግን ሰው የማወቅና የማሳደግ ጉዳይ ነው።

እኔ ብጠየቅ ከጣሪያው በፊት ወለሉን ነው የምፈልገው፣ ባለቤቶች ከዚህ በታች እንዳያወጡ የሚያስገድድ ህግ። ቡድኑን ይዞ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባለቤት ከዶጀርስ በላይ ነው ደጋፊን የሚጎዳው፣ የናሽናልስ ባለቤቶች ለርነሮችም ቢሆኑ ከስትራስበርግ ወዲህ ትልቅ ፍሪ ኤጀንት ሲያስፈርሙ አላየንም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ሊትል ሊግ ፒቸር ነው፣ ጎበዝ ነው ብለው በየጨዋታው ያስወረውሩታል። ክንዴን አመመኝ ይላል። ያልፋል? ከፌርፋክስ

መልስ፦ ጋሼ፣ አሁኑኑ ያስቁሙትና ሐኪም ይየው። የሊትል ሊግ ህግ በ11 እና በ12 ዓመት በቀን ከ85 ኳስ በላይ እንዳይወረውር ይከለክላል፣ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ማረፍ አለበት። በሁለት ቡድን የሚጫወት ከሆነ አንዱ አሰልጣኝ የሌላውን ቁጥር ስለማያውቅ እርስዎ በወረቀት ይያዙት። የናሽናልስ ፒቸሮች ስትራስበርግ በ2010፣ ካቫሊ በ2023፣ ግሬይ በ2024 ክርናቸውን በኦፕሬሽን ያስጠገኑ ናቸው፣ እነሱ እንግዲህ ሐኪምና ማሽን አጠገባቸው ያለ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አሰልጣኙ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ልጁ አስራ ሁለት ዓመቱ ነው።

ጥያቄ፦ አዲሶቹ ኃላፊዎች ይሻላሉ? ምን ተስፋ እናድርግ? ከሃያትስቪል

መልስ፦ የሪዞን ቦታ የያዘው ቶቦኒ የመጣው ከቦስተን ነው፣ ማናጀሩ ቡቴራ ደግሞ ከታምፓ ቤይ፣ እዚያ ስራው ወጣት ማሳደግ ነበር፣ ሲቀጠር 33 ዓመቱ ነው፣ ከ1972 ወዲህ እንደሱ ወጣት ማናጀር አልነበረም። ሹመቱ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም የጎደለን እሱ የሚያውቀው ስራ ነው። በ2025 ድራፍት አንደኛ የመረጡት ዊሊትስ ገና 17 ዓመቱ ነበር፣ ስለዚህ ቶሎ አትጠብቁ። በ2026 ስንት አሸነፉ ብላችሁ አትቁጠሩ፣ በታችኛው ሊግ ሃሪስበርግና ሮቸስተር ያሉት ፒቸሮች ዎክ እየቀነሱ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰው ሲጎዳ የሚጠራው ልጅ ከውስጥ ነው ወይስ ከሌላ ቡድን የተጣለ ነው የሚለውንም እዩ። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ፍሬደሪክስበርግ ድረስ ነድታችሁ የታችኛውን ቡድን ተመልከቱ፣ እዚያ ሜዳው ቅርብ ነው፣ ፒቸሩ ሲወረውር ኳሷ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ስትገባ ድምጿ ይሰማል፣ የ2029 ሮስተር ከየት እንደሚመጣ የምታዩት እዚያ ነው።