«ስንት አመጣ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤት ከሰማ ጀምሮ ከክፍሉ አይወጣም፤ ምግብም እንቅልፍም ቀንሷል። ጎረቤቶቼ ቡና በጠጡ ቁጥር «ስንት አመጣ?» ይሉኛል። (እናት፣ ከደሴ)

50 ከመቶና በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበሩ። ይህን ለልጅዎም ለጎረቤቶችዎም ይንገሩ። አገር ያላለፈውን ፈተና የአንድ ቤት ነውር ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጎረቤቶችዎ ክፉዎች አይመስሉኝም፤ ሌላ የሚጠይቁት አጥተው ነው። ልጁ በሌለበት «ውጤቱን አታንሱብኝ» ይበሏቸውና ሥራ ይስጧቸው። አንዱ ጎረቤት ዕቃ ለማንሳት እንዲያግዘው ይጥራው፤ የሚያከብረው የቀድሞ መምህሩ ደግሞ መጥቶ ይዞት ይውጣ። ምክር ይቆየው፤ መጀመሪያ ከቤት ይውጣ።

ሁለት ሳምንት አልፎት ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ። መሞትን ካነሳ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ። ብቻውን አይተዉት፣ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ከቤት ያውጡ፣ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁት። መጠየቅዎ ያላሰበውን አያሳስበውም።

እድራችን በሰፈራችን ትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና ቀንን ለማክበር ቲሸርት ሊያሳትም ነው። ገንዘቡ ለሌላ ነገር አይሻልም? (የእድር ጸሐፊ፣ ከባሕር ዳር)

ይሻላል! መስከረም 30 በጭብጨባ ያልፋል፤ ልጁን የሚከፋው ግን ኅዳርም የካቲትም ነው።

እድር የሚችለውን ማንም አይችለውም፤ ማን እንደሞተበት፣ ማን ሥራ እንደፈታ፣ የማን ቤት እንደተበተነ ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ ያውቃል። አባቱን የቀበረ ልጅ ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት ክፍል ገብቶ ይቀመጣል፤ የሒሳብ መምህሩ የቤት ሥራ አልሠራህም ብሎ ያስወጣዋል። ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ለክፍል ኃላፊው መምህር ብትነግሩ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ለቅሶ ቤት በተራ እንደምታድሩት ሁሉ፣ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ወራት ያንን ቤት በየሳምንቱ የሚጠይቅ ሰው መድቡ።

ገንዘቡን ለሕክምና ክትትል መጓጓዣና ለመድኃኒት መግዣ አውሉት፤ ብዙ ቤተሰብ ሕክምናውን የሚያቋርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የተረጂውን ስም ግን በጠቅላላ ጉባኤ እንዳታነቡ። ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ቢያውቁ ይበቃል።

የተማሪዎች አማካሪ ተብዬ ተመድቤያለሁ፤ የተሰጠኝ ክፍል ግን የዲሲፕሊን ቢሮ ነው። ማንም አይመጣም። (መምህር፣ ከሐዋሳ)

እኔም አልመጣም ነበር። ትናንት በተቀጣበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ምሥጢሩን የሚያወራ ልጅ የለም። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱን በር ያለው አንድ ጠባብ ክፍል ጠይቁ፤ እስኪገኝ የቤተ መጻሕፍቱ ጥግም ይሆናል። ቅጣቱን ሌላ ሰው ይያዘው።

እህቴን ጸበል እያስጠመቅናት ነው። የሐኪሙን ኪኒን እናቁም? (ወንድም፣ ከጎንደር)

አታቁሙ። ጸበሉንም ኪኒኑንም ትውሰድ፤ ይህን የሚመክሩ ካህናትም አሉ። የምትጾም ከሆነ ሐኪሙ የመዋጫውን ሰዓት ያስተካክልላታል። ማሰር ግን በማንም ስም አይፈቀድም።

ለመምህሬ የምነግራትን ነገር ለእናቴ ትነግርብኛለች? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

ገና ሳትጀምሪ «ለማን ትነግሪብኛለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም የሚጎዳሽ ሰው ካለ ዝም ማለት አትችልም፤ ይህንንም አስቀድማ ልትነግርሽ ይገባል። የሚጎዳሽ ሰው እቤት ውስጥ ካለ ያንንም ንገሪያት፤ ማንን እንደምትጠራ እንድታውቅ።